ከሽማግሌ ሽሽት እስከ ፓርላማ

ጋዜጠኛ በጠየቀኝ ቁጥር የምሰጠው አንድ መልስ ነበረኝ፤ «ወደ ፖለቲካ የገባሁት ሕዝቤን ለማገልገል ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። የገባሁት አንድን ሰው ለመበቀል ነው። ሕዝቡን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው፤ ካገኘሁት በኋላ የአቅሜን አገልግያለሁ፣ በዚህ የሚወቅሰኝ የለም። ዛሬ ወንበሩም ማዕረጉም ስለሌለኝ ነገሩን እንደነበረ ብጽፈው የምፈራው ነገር የለኝም።

የተወለድኩት አኖ በምትባል የወለጋ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆንኩ እናቴ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ሄዳ ወለደችኝና፣ ክርስትና ስነሳ ወደ ነቀምቴ ይዛኝ ተመለሰች። የአባቴ አባት ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ነበር። አባቴ ግን ነቀምቴ ገበያ ተወልዶ፣ እዚያው ጨው ሲቸረችር ያረጀ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ እንናገራለን፣ ከበር ስንወጣ ኦሮምኛ፤ እናቴ ስትቆጣ ደግሞ ሁለቱን አደባልቃ ትሰድበናለች። እኔ አድጌ እዚያው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ስለ ምርጫ የማውቀው ጣቴ ላይ የሚቀባውን ቀለም ብቻ ነበር።

እናቴ የሞተችው በሐምሌ ነው። የነቀምቴ ሐምሌ እንዴት እንደሚዘንብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግቢያችን ዳገት ላይ ስለሆነ ድንኳን አይተከልበትም፤ ስለዚህ የእድራችን ወጣቶች የለቅሶውን ድንኳን እንደተለመደው በራችን ላይ፣ መንገዱ ላይ ተከሉት። ችግሩ መንገዱ በዚያ ዓመት ኮብልስቶን ለብሶ ነበር። ድንጋይ ላይ ካስማ አይገባም። ልጆቹ እዚህም እዚያም ጥቂት ድንጋይ ነቅለው ካስማቸውን ተከሉ፤ ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ መልሰው ሊያነጥፉት ነው። በሰፈራችን መንገዱ ድንጋይ ከለበሰ ወዲህ ሁሉም ለቅሶ እንደዚያ ነበር፤ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሚሊሻዎች አስከትሎ፣ ጥቁር ጥላ ይዞ መጣ። ሊያስተዛዝን የመጣ መስሎኝ ብድግ አልኩለት። ሰውየው እንግዳ አይደለም፤ ከኛ ሁለት አጥር አልፎ ነው የሚኖረው። ሚስቱ አራስ ስትሆን እናቴ ናት ገንፎ ስታገነፋላት የከረመችው።

«ነገ እንግዶች መንገዱን ሊመርቁ ይመጣሉ» አለ። «ድንኳኑ ይነሳ። ድንጋዩም ወደ ቦታው ይመለስ።»

የእድሩ ዳኛ ቆቡን አውልቆ ለመነው። «ኦቦ ሊቀመንበር፣ ሦስተኛው ቀን እኮ ነገ ነው። እስከ ነገ ብቻ ታገሡን።»

«የሞተ ሞቷል» አለ። «እንግዳ ግን እየመጣ ነው።»

በሰው ፊት፣ አባቴ እየሰማ፣ እንደዚህ አለ። ሚሊሻዎቹ ገመዱን ፈቱት፤ ሸራው ዝናብ እንዳቆረ በለቀስተኛው ላይ ወረደ። የጎረቤት ሴቶች በነጠላቸው ላይ ዝናብ እየዘነበ አግዳሚዎቹን እየተሸከሙ ወደየበረንዳቸው አስገቡ። አባቴ ግን ከተቀመጠበት አግዳሚ አልነሳም አለ። የእናቴን ፎቶግራፍ በጋቢው ስር ይዞ መንገዱ መሀል ቁጭ አለ። ሊቀመንበሩ ከጎኑ ቆሞ ያየው ነበር። ጥላውን ትንሽ እንኳ ወደሱ ዘንበል አላደረገለትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስሞትም የማየው ይመስለኛል።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። የመኪናቸውን መስኮት እንኳ ሳያወርዱ አለፉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ድንጋይ መንገድ ሄዶ አያውቅም፤ ገበያ ሲወርድ በጭቃው በኩል ዞሮ ነበር የሚሄደው። ጎረቤት ሲጠይቀው «እሱ የእንግዶች መንገድ ነው» ይል ነበር።

በኛ አገር በደል መውጫ አለው። የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ጃርሳ ቢያ እንላቸዋለን፣ የአገር ሽማግሌዎች ማለት ነው። በጠዋት ለምለም ሣር ይዘው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የሰውን ደኅንነት፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁሉ ጠይቀው ሲጨርሱ ጉዳያቸውን ያነሳሉ። ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ እምቢ ያለ ሰው ሰው አይባልም። ለቅሶው ላይ የሚቆምለት አያገኝም፣ ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ሊቀመንበሩ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ እኔም አባቴም አልቅሰን ይቅር እንል ነበር። ጠበቅነው። አርባዋ ወጣ፣ ተዝካሯ ተበላ። አልላከም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንዳልረሳ ራሴን አሠለጠንኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሩን እያየሁ ነበር የማልፈው።

የቀበሌው ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ በስብሰባ ላይ ሴት አባላት ያስፈልጋሉ ተባለ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ሲያዩ እኔ እጄን አወጣሁ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ «ደግሞ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?» አሉኝ። ምን ልሆን እንደፈለግሁ አልነገርኳቸውም። የተመረጥኩት ያለ ብዙ ችግር ነው፤ የሰፈሩን ልጆች ግማሹን ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ።

በመጀመሪያው ጉባኤ ላይ ተነሥቼ፣ የለቅሶ ድንኳን የሚነሳው በማን ውሳኔ እንደሆነ ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። በሁለተኛው ጉባኤ ያንኑ ጠየቅሁ። በሦስተኛውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቅ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው ሽማግሌ የላከው። ሲበድል ያልላከ ሰው፣ ወንበሩ ሲነቃነቅ ላከ!

በጠዋት ነው የመጡት፣ እንደ ወጉ። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ከፊት የሚሄደው የከተማው ሁሉ አባት የሆነ፣ ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ሣሩን በእጁ ይዟል። ከተቀመጡ አበቃ። ከተቀመጡ ይቅር ማለቴ አይቀርም። ድንገት ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ሽማግሌ ጉዳዩን መንገድ ላይ አያነሳም። ቤት ገብቶ ተቀምጦ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ቤት አለመገኘት ግን ነውር አይደለም። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በጓሮ በኩል ወጣሁና ወደ ትምህርት ቤቴ ገሠገሥኩ።

እንዲህ ሆኖ ነው ከሽማግሌ መሸሽ የጀመርኩት።

የነፍስ አባቴ ሰምተው ኖሮ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያዙኝ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው አባ፣ ለጊዜው ጸሎቱን ልተወው?» አልኳቸው።

በመስቀላቸው ግንባሬን ኩርኩም ነገር አድርገውኝ ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው።

በምክር ቤቱ ውስጥ ግን ሥራዬን ቀጠልኩ። ግምገማ ሲደርስ የሰውየውን ጥፋት አንድ በአንድ ለመዘርዘር ተዘጋጅቼ፣ ሌሎችንም አባላት አሳምኜ ነበር። ሊወርድ ነው። በግምገማው ዋዜማ ዜናው መጣ፦ ሊቀመንበሩ ወደ ከተማው መስተዳድር ተዛውሯል፣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኗል። በኛ አገር ሰው ከወንበሩ የሚወርደው ወደ ላይ ነው። ቤቴ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። ሲነጋ ግን አሰብኩት፦ እሱ ወደ ከተማ ከወጣ እኔስ ለምን ቀበሌ እቀራለሁ? በሚቀጥለው ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳደርኩና ገባሁ።

ሽማግሌዎቹ ግን አልተኙም። ቅዳሜና እሑድ መምህር ቤቱ እንደሚገኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ይዤ ወደ አኖ፣ ወደ አክስቴ መሄድ ጀመርኩ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ የአዲስ አበባው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። እዚያ ደግሞ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም። ለቅሶ ካለ እደርሳለሁ፣ ሰርግ ካለ እሄዳለሁ። የቦኖ ውሃው ተበላሽቶ ሴቶቹ ወንዝ ሲወርዱ አየሁና፣ ነቀምቴ ስመለስ የውሃ ቢሮውን በር እያንኳኳሁ አስቸገርኳቸው። ውሃው ተጠገነ። የአኖ ሰው ተደነቀ። «ይህች መምህርት የዕረፍት ቀኗን ትታ ለኛ ትደክማለች» ተባለ። ከማን እንደምሸሽ የምታውቀው አክስቴ ብቻ ነበረች።

«አንቺ ልጅ» ትለኛለች እየሳቀች፣ «እነዚያ ሽማግሌዎች ሌላ ትንሽ ቢያሳድዱሽ እኮ ሚኒስትር ትሆኛለሽ።»

አንድ ጊዜ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ድረስ ሄጃለሁ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ወንድሟን ትድር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ከፊት፣ በክብር ቦታው ላይ፣ ያ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጧል። ለካ የሙሽራዋ ዘመድ ኖሯል። አየኝ። በእጁ አጠገቡ ያለውን ወንበር ጠቆመኝ። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አለ፤ ነይ፣ ልጄ ማለቱ ነው። እኔ ከተቀመጥኩ ጉዳዩን ያነሳል፤ የሰው ቤትም ቢሆን። ፈገግ ብዬ እጅ ነሣሁና ቀጥ ብዬ ጓዳ ገባሁ። መቀነቴን ታጥቄ ወጥ ጨለፍኩ፣ እንጀራ አቀረብኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። ሽማግሌው በዓይኑ ይከተለኛል፤ እኔም ሳህን ይዤ በፊቱ አልፋለሁ። ማታ ሲሰናበት «ዛሬ ብዙ ሠራሽ» አለኝ። ቅር ያለው አይመስልም ነበር። የሙሽራው ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እኔን የሚያስታውሱኝ እንደ ትሑት የከተማ ምክር ቤት አባል ነው፤ እንግዳ ሆና መጥታ ስታስተናግድ የዋለች!

ስሜ በየከተማው ሲነሳ ፓርቲያችን ሰማ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ሲፈለግ፣ የተወለድኩት አኖ ስለሆነ በዚያ በኩል አቀረቡኝ። አሸነፍኩ። ውጤቱን የሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣልኝ የእናቴ ፊት አልነበረም፣ የአኖም ውሃ አልነበረም። አሁን ከበላዩ ሆንኩ፣ አሁን የት ያመልጠኛል የሚል ሐሳብ ነው የመጣልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ኮሚቴ ፊት አቁሜ የምጠይቀውን ጥያቄ ሳዘጋጅ አደርኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመሄዴ በፊት ነቀምቴ ላይ የሽኝት ፕሮግራም ተዘጋጀልኝ። አዳራሹ ሞልቷል። በኛ አገር ስብሰባ ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይከፈትም። የሚመረቀው ሰው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መዳፉን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። ስንትና ስንት ዘመን በጓሮ በር የሾለክሁ ሰው ይህን አላሰብኩትም። ስሜ ተጠራ፣ ወጣሁ፣ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ነጩ ጋቢ ፊቴ ነው። ሽማግሌው እጁን ከጋቢው ስር አወጣ። ለምለም ሣር ይዟል።

«ኢንተላ ኮ» አለ፣ አዳራሹ እየሰማ። «ብዙ ጊዜ ፈልገን አጣንሽ። ዛሬ ቆመሽ አገኘንሽ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ከተማው ሁሉ ሽሽቴን ያውቅ ነበር።

«ቂም ይዞ ረጅም መንገድ አይወጣም» አለ ሽማግሌው። «አስታርቀንሽ እንመርቅሽ።»

ከመሀል ረድፍ ሰውየው ተነሣ። ሱፍ ለብሷል፣ አንገቱን ደፍቷል። ሁሉም የኔን አፍ ይጠብቃል። ይቅር ብል በቀሌ ቀረ፣ እምቢ ብል ወንበሬ ቀረ። ያኔ ጭንቅላቴ የሰጠኝን ዘዴ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ።

«አባቴ፣ ሣሩን አከብራለሁ» አልኩ። «ግን ወጉ ይጠበቅልኝ። መጀመሪያ እውነቱ ይውጣ። የበደለኝ ሰው በደሉን በገዛ አፉ፣ ሳይቀንስ፣ እዚሁ ይናገር።»

ሽማግሌው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ማይኩን አነሣሁና ለሰውየው በገዛ እጄ አቀበልኩት። የሚታነቅበትን ገመድ ያቀበልኩት መስሎኝ ነበር። አለቆቹ ፊት ሲንተባተብ፣ ሲክድ፣ ግማሹን ሲደብቅ፣ እኔም «ቀንሷል» ብዬ እርቁን ሳፈርስ ታየኝ።

ሰውየው ተናገረ። በጥሩ ኦሮምኛ፣ ዝግ ብሎ፣ ሁሉንም ተናገረ። ድንኳኑን ተናገረ፣ ዝናቡን ተናገረ። «የሞተ ሞቷል» ማለቱን ተናገረ። ጥላውን ለራሱ ይዞ አባቴን ዝም ብሎ ማየቱን ሳይቀር ተናገረ። ከበላይ ስልክ ተደውሎለት ፈርቶ እንደነበር፣ ግን በዚያ እንደማያመካኝ ተናገረ። ያን ማታ ቤቱ ሲገባ፣ በእናቴ ገንፎ የታረሰችው ሚስቱ እራት አላቀርብልህም ብላ ጾሙን እንዳሳደረችው ሲያወራ ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። ሲጨርስ ተንበረከከ። አሮጊቶች እልል አሉ። «ዱጋ! ዱጋ!» እያለ አዳራሹ ጮኸ፤ እውነት ነው፣ እውነት ነው ማለት ነው።

«ሰማሽ?» አለኝ ሽማግሌው።

«ሰማሁ።»

«ይቅር አልሽ?»

የቀነሰው ነገር አልነበረም። «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። የተናገረው ምላሴ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሣሩን ለሁለት ከፍሎ ለሁለታችን ሰጠን። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ነገር ጎትታ ወይም ጎትቶ በክፉ ያነሣ፣ ዘሩ አይብቀል፣ ደጁን ሰው አይርገጠው» አለ። «አይብቀል፣ አይርገጠው» ብሎ ሕዝቡ ተቀበለ። ሰውየው አቀፈኝ። ሽቶው እስከ አዲስ አበባ ድረስ ልብሴ ላይ ነበር።

ለካ አዳራሹ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ ይቀርጽ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሳልደርስ ቪዲዮው ወለጋን አዳርሶ ነበር። «ጥፋቱን የማይደብቅ መሪ» ተባለ። ስለኔ የተጻፈው «ይቅር ባይዋ መምህርት» የምትል አንዲት መሥመር ናት።

ፓርላማ ተቀመጥኩ። እጄን አወጣሁ፣ እጄን አወረድኩ። ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎች የምጠይቀው ሰው አልነበረም፤ በእርቅ ያለቀ ነገር አይነሣም። ስለ አኖና ስለ ኑኑ ቁምባ መንገድ ተናገርኩ፣ ስለ መምህራን ተናገርኩ፤ ጥሩ ተናገርሽ ይሉኛል። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠፍቶኝ ነበር። ሰውየው በየዓመቱ የእናቴ ሙት ዓመት ሲደርስ በግ ይልክልኝ ነበር። ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፍል ነበር፤ አንድ ቁራሽ ቀምሼ አላውቅም።

ዘመኔ ሲያልቅ ፓርቲው «ለሌሎች ዕድል እንስጥ» አለኝ። ሌላው ማን እንደሆነ ሲነገረኝ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ለካ ሰውየውም በእናቱ በኩል የአኖ ሰው ኖሯል! የኔ መንገድ፣ የኔ ውሃ፣ የኔ ለቅሶ ቤቶች፣ ሁሉም ተጠርጎ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።

እሱንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ሰውየው በሄደበት የቅስቀሳ ስብሰባ ሁሉ ንግግሩን የሚከፍተው በእናቴ ድንኳን ሆነ። «አንድ ቀን በአንዲት እናት ለቅሶ ላይ ጥፋት አጠፋሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ያለቅሳል፤ ከዚያ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ቃል ይገባል። እኔ ነገሩን ካነሣሁ የተረገምኩ ነኝ። እሱ ግን በንስሐ ነው የሚያነሣው፣ ማን ይከለክለዋል? ወሬውን የምታመጣልኝ አክስቴ ናት። ታሪኩ በየከተማው እየተሻሻለ ይሄድ ነበር። በአንዱ ከተማ ዝናቡ ካፊያ ሆነ። በሌላው ድንኳኑን ያነሣው ቤተሰቡን አማክሮ ነው ተባለ።

አኖ ላይ ሕዝብ ሲሰበስብ እዚያው አክስቴ ቤት ነበርኩ። «ይቅርብሽ፣ አትሂጂ» አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ናቸው፤ ነጩ ጋቢም አለ፣ አርጅቷል።

ሰውየው ጀመረ። ድንኳኑ፣ እንግዶቹ። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ዝናቡ ሲመጣ ልቤ አልቻለም። አግዳሚዎቹን ከሴቶቹ ጋር ተሸከምኩ። አባትየው መሀል መንገድ ተቀምጠው ነበር፤ ጥላዬን በራሳቸው ላይ ያዝኩላቸው። እኔ በሰበስኩ፣ እሳቸው ግን አልበሰበሱም።» ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ተቀምጬ አየኝና ፊቱ በራ። «ያውና፣ እህቴ እዚህ አለች! እሷ ምስክሬ ናት። ማይኩን ስጧት» አለ።

ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ መጣ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። «እውነት ነው» ብል አንድ ቃል ናት፣ ቁጭ እላለሁ። ሽማግሌው ዞሮ አየኝ፤ ራሱን በቀስታ ወዘወዘ፣ ተይ ማለቱ ነው። እኔ ግን የታየኝ አባቴ ነው፤ ጢሙ ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ።

ተነሥቼ በኦሮምኛ ተናገርኩ። «ድንኳኑን ማውረዱ እውነት ነው። አግዳሚ አልተሸከመም። ጥላውንም ለአባቴ አልያዘለትም፣ የያዘው ለራሱ ነው። አባቴ በስብሶ ነው ቤት የገባው። እዚያ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ነቀምቴ ላይ ራሱ እንዲህ ብሎ ተናግሯል፤ ዛሬ ዋሸ።»

ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ ተነሣ።

«ነገሩን አነሣሽው» አለኝ።

«አነሣሁት፣ አባቴ።»

«እርግማኑን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። በአጠገቤ አልፎ ወጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰውየው ማይኩ ስለሌለው አፉን እየከፈተ እየዘጋ ቆሞ ነበር። ያን ፊቱን ሳየው የተሰማኝን ደስታ በቃል መግለጽ አልችልም፤ ለዚያ ደስታ ብዬ ሁለት ምክር ቤትና አንድ ፓርላማ ገብቻለሁ።

እሱ ተመረጠ። በአንዲት ሴት ንግግር የሚወድቅ ዕጩ የለም። እኔ ወደ ነቀምቴ ተመልሼ አስተምራለሁ። እርግማኑ ሠርቷል፤ ለበዓል ደጄን የሚረግጥ ሰው ቀንሷል፣ ከእድሩ ሴቶች ገሚሶቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሰላም ላለማለት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አንዳንድ ቀን ያመኛል፣ አልዋሽም። ምሽት ላይ ግን ዜና ስከፍት ሰውየውን አየዋለሁ፤ ሱፉን ለብሶ፣ ስለ ልማት፣ ስለ በጀት፣ ስለ መንገድ ይናገራል። እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናቴ ተናግሮ አያውቅም።